ከጉልቻ እስከ ቆጣሪ፤ ድጎማው ማን ቤት ደረሰ?



ባለፈው ወር ስብሰባችን ላይ የቁጠባው ገንዘብ ለምን ይዋል የሚለው ጉዳይ ሲነሣ ሳንስማማ መለያየታችንን የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ገሚሶቻችን ምርጥ ምድጃ ተገዝቶ ለአባሎች ይታደል አልን፤ ገሚሶቻችን ደግሞ ቆጣሪ ለሌላቸው እህቶች የቆጣሪ ማስገቢያ ይሁን አልን። ክርክሩ ሲግል ከታላላቆቻችን አንዷ፣ በሰው ግቢ አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩት እናታችን፣ ነጠላቸውን አስተካክለው «መብራት ለድሃ ርካሽ ነው ይባላል፤ ታዲያ እኔ ቤት ሲደርስ ለምን ይወደዳል?» ብለው ጠየቁ። መልስ የሰጣቸው አልነበረም። ቡናው ፈልቶ ስለነበር ወደዚያው ዞርን።

ጥያቄው ግን አልለቀቀንም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ሦስት አባሎች ታላላቆቻችንን እየጠየቅን፣ ያገኘነውንም እያነበብን፣ በአገራችን ለድሃ ቤት ማገዶና መብራት ማን ሲረዳ እንደኖረ ለማየት ሞከርን። የእናታችን ጥያቄ ከጠበቅነው በላይ ሥሩ ጥልቅ ሆኖ አገኘነው።

መጀመሪያ ስለራሳችን ቤት እንናገር። አምባ ጊዮርጊስ ወደ 3000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች የወገራ ደጋ ናት። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ገብሱን የሚያቃጥለው ውርጭ ለሰውም አይራራም። ስለዚህ በእኛ ቤት እሳት ሦስት ሥራ አለው፤ ያበስላል፣ ያሞቃል፣ ያበራል። አዲስ አበባ ያለች ሴት ስለ ማገዶ ስታስብ ስለ ወጥና ስለ እንጀራ ታስብ ይሆናል፤ እኛ ግን ልጅ እንዳይበርደውም እናስባለን። ከማገዷችን ትልቁን ድርሻ የሚበላው እንጀራ ጋገራ መሆኑን ምጣድ የጣደች ሁሉ ታውቀዋለች። ባሕር ዛፍ ያላት ቅርንጫፉን ታነዳለች፣ የሌላት ጭራሮ ትለቅማለች፣ እሱም ሲጠፋ ኩበት ነው። ኩበቱ ደግሞ ለማሳው ፍግ መሆን የሚገባው ነበር፤ እኛ የምናነደው የመጪውን ዓመት ገብስ ነው ማለት ይቻላል።

ታላላቆቻችን ሲያጫውቱን፣ ክብሪት እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን ሴት ማታ ፍሙን አመድ አልብሳ ታዳፍናለች። ጠዋት እሳቱ ጠፍቶ ካገኘችው ገል ይዛ ጎረቤት ትሄድና «እሳት ልጫር» ትላለች። እሳት የጠየቀን መከልከል ነውር ነበር። ለአራስ ቤት እንጨት መውሰድ፣ ሐዘን ለደረሰበት ቤት ማገዶ ማዋጣትም እንዲሁ ነበር፤ ይህኛው እስከ ዛሬም በዕድራችን አለ። ርዳታው ወረቀት አልነበረውም፣ መስፈርትም አልነበረውም። ጭስ ያልወጣበትን ቤት የሚያውቅ ጎረቤት ነበር፤ በቃ።

ከላይ ከመንግሥትና ከባላባት በኩል ያለው ታሪክ ግን የተገለበጠ ነው። በድሮው ሥርዓት ገባሩ ከእህሉ ከሚከፍለው ሌላ ለጌታው ቤት እንጨት ያቀርብ ነበር፤ ሚስቱ እህል ትፈጭ ነበር። በዓል ሲመጣ የድሃው ጀርባ የጌታውን ምድጃ ያሞቅ ነበር። ዛሬ «ለድሃ የማገዶ ድጎማ» ስንል፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ድጎማው ከታች ወደ ላይ ሲሄድ እንደነበረ መርሳት የለብንም። ይህ በሕግ ያበቃው የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀበት በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው። ከታላላቆቻችን መካከል ያን ጊዜ ልጅ የነበሩ፣ እናታቸው እንጨት ተሸክማ ስትሄድ ያዩ ዛሬም አሉ።

እንጨት የነገሥታቱንም ኑሮ ይወስን ነበር። ከጎንደር በፊት የነበሩት ነገሥታት በድንኳን ከተማ ከቦታ ቦታ ይዞሩ የነበረው ለጦርነትና ለግብር ብቻ አልነበረም፤ በሰፈሩበት አካባቢ እንጨቱ ሲያልቅም መነሣት ግድ ይሆን ነበር። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ጎንደርን ሲቆረቁሩ ያ ልማድ ለጊዜው ቆመ፤ የከተማው ማገዶ ግን ከዙሪያው ደጋ መምጣቱ አልቀረም። አዲስ አበባም ከተቆረቆረች ከጥቂት ዓመት በኋላ ያው ጣጣ ደረሰባት። እንጨት ስላለቀ ዐፄ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያቆየቻት በ1880ዎቹ መጨረሻ ከውጭ የገባችው ባሕር ዛፍ ናት። ምኒልክ ችግኙ በርካሽ እንዲሸጥ፣ ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬትም ከግብር ነጻ እንዲሆን አደረጉ።

ይህን ስናነብ ቆም አልን። በአገራችን መንግሥት የቤት ማገዶን ለማቃለል ካደረጋቸው ነገሮች ቀደምቱ ይህ ሊሆን ይችላል፤ ተጠቃሚው ግን ማን ነበር? መሬት ያለው። ከግብር ነጻ የሚሆነው የሚገብርበት መሬት ያለው ነው። መሬት የሌላት ሴት ዛፉን ሳይሆን የወደቀውን ቅጠል አገኘች። እሱንም በነጻ አላገኘችውም፤ የእንጦጦ ሴቶች ከ30 ኪሎ በላይ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከጥበቃ ጋር ሲካሰሱ ኖረዋል። በኋላ ከእነሱ መካከል «የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች» ብለው ተደራጅተው ወደ ሽመና የዞሩ አሉ፤ እንደ እኛው በማኅበር። እኛን የገረመን ግን ሌላ ነው። ርዳታው መጀመሪያ በአንድ ነገር ላይ ይጻፋል፤ በመሬት፣ በሊትር፣ በቆጣሪ። ያ ነገር የሌላት ሴት ከርዳታው ውጭ ትሆናለች። ከዚህ በኋላ ያነበብነው ሁሉ ይህንኑ ደጋግሞ አሳየን።

ነጭ ጋዝን ተመልከቱ። ብዙዎቻችን ያደግነው በኩራዝ ብርሃን ነው፤ ጋዙ ከሱቅ በቢራ ጠርሙስ እየተለካ ይመጣል፤ ያጠናነው መጽሐፍ ገጽ ላይ ጥላሸቱ አለ። መንግሥት የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንድን በ1993 ዓ.ም. አቋቁሞ፣ ነጭ ጋዝን ጨምሮ የነዳጅን ዋጋ ከዓለም ገበያ በታች ሲያቆይ ነበር። ያን ድጎማ በመስከረም 2001 ዓ.ም. አነሣው። ድጎማው በሊትር ስለነበር፣ ብዙ ሊትር የገዛ ብዙ ተደጎመ፤ በወር ሁለት ጠርሙስ የምትገዛ የደጋ ሴት ሁለት ጠርሙስ ያህል ብቻ። ዋጋው ሲጨምር ግን ጭማሪው ለእሷ ከበደ፤ ሌላ የምትቀንሰው ወጪ አልነበራትማ።

አሁን ወደ መብራቱ እንምጣ፤ የእናታችን ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። የመብራት ኃይል ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1948 ዓ.ም. ነው። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ጢስ ዓባይ ላይ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። መብራት ግን ለረጅም ጊዜ የትልልቅ ከተማ ነገር ሆኖ ቆየ፤ ገጠሩንና ትንንሽ ከተሞችን በስፋት ለማዳረስ ዘመቻው የተጀመረው በ1998 ዓ.ም. አካባቢ ነው።

ያው 1998 ዓ.ም. ሌላም ነገር ይዞ መጣ። በዚያ ዓመት የወጣው ታሪፍ የመኖሪያ ቤት ፍጆታን በእርከን ከፋፈለው። በወር የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለእያንዳንዳቸው 0.273 ብር፣ ማለትም 27 ሳንቲም ከምናምን፤ ቀጥሎ እስከ 100 ድረስ 0.3564፤ እንዲህ እያለ ከ500 በላይ 0.6943 ይደርሳል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ጥቂት የሚጠቀም ድሃ ነው፣ ጥቂቱ ይርከስለት። ሙሉውን 50 ኪሎዋት ሰዓት የተጠቀመ ቤት የኃይሉ ዋጋ 13 ብር ከ65 ሳንቲም ብቻ ነበር። ይህ ታሪፍ ከ12 ዓመት በላይ ሳይነካ ቆየ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ሲከለስም የመጀመሪያው እርከን እዚያው 0.273 ላይ እንዲቆይ ተደረገ፤ የጨመረው ከላይ ያለው ነው፣ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ። በመጨረሻው ደረጃ ከ51 እስከ 100 ያለው 0.767፣ ከ101 እስከ 200 ያለው 1.625 ብር ደረሰ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ የሚጨምር አዲስ ታሪፍ ተግባር ላይ ውሏል፤ በዚህኛው የመጀመሪያው እርከንም አልተማረም፣ ቢሆንም ትልቁ ድጎማ አሁንም ለእሱ ነው።

ስለዚህ «መብራት ለድሃ ርካሽ ነው» የሚለው ውሸት አይደለም። እንዲያውም በሌሎች አገሮች ካየነው ጋር ሲነጻጸር ቸር የሚባል ነበር። ነገር ግን 50 ኪሎዋት ሰዓት ምን ያህል ነው? እኛ ቁጭ ብለን አሰላነው። ባለ 60 ዋት አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ሦስት አምፖል 27። ይህ ይበቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ብትጋግሪ በወር ወደ 60 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንድም አምፖል ሳታበሪ 50ውን አልፈሻል። ርካሹ እርከን የተቆረጠው ለኩራዝ ምትክ እንጂ ለጉልቻ ምትክ አይደለም። ብርሃኑን ረዳ፤ እንጀራውን ግን እዚያው ማገዶ ላይ ተወው።

የእናታችን ችግር ግን ከዚህም ይለያል። እሳቸው ምጣድ የላቸውም፤ አንድ አምፖልና የስልክ ቻርጅ ነው። እሳቸው ያጡት ቆጣሪ ነው። በሚኖሩበት ግቢ አራት ቤተሰብ አለ፣ ቆጣሪው አንድ ነው፣ በአከራይዋ ስም ነው። ቆጣሪ ሰው አይቆጥርም። አራቱ ቤት በየፊናቸው 45 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀሙ፣ ለየብቻ ቆጣሪ ቢኖራቸው ኖሮ በ2014 ዓ.ም. በነበረው ታሪፍ ለእያንዳንዳቸው 12 ብር ከ29 ሳንቲም ይመጣባቸው ነበር። በአንድ ቆጣሪ ግን 180 ሆነ፤ ሂሳቡ እርከን በእርከን ተሠርቶ እንኳ 182 ብር ይሆናል። ለአራት ሲካፈል 45 ብር ከ50። አራት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልዋሸም፤ አራት ድሆች በአንድ ቆጣሪ ላይ ሲደመሩ አንድ ሀብታም መስለው ታዩ።

በዚያ ላይ ብዙ አከራይ በኪሎዋት አያስከፍልም፤ በአምፖል ነው። አንድ አምፖል ይህን ያህል፣ ቴሌቪዥን ካለ ይህን ያህል፣ ካውያ ክልክል። ከእኛም መካከል ልጇ ሌሊት ሲያጠና አከራይዋ በር አንኳኩተው «አጥፉ» ያሏት አለች። በአከራዮቹ ብቻ አንፈርድም፤ እነሱም በወሩ መጨረሻ የሚመጣውን ሂሳብ ይፈራሉ። ነገር ግን ለድሃ ተብሎ የተቆረጠው ዋጋ ከግቢው በር አልፎ እስከ ኋላው ክፍል አይደርስም።

ለቆጣሪ ማስገቢያ የታሰበ ርዳታ አልነበረም ወይ? ነበር። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የዓለም ባንክ በሚያስተዳድረው አንድ ፈንድ በኩል 8 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦ፣ ከ228 ሺህ በላይ ድሃ የገጠር ቤተሰቦች መብራት እንዲያስገቡ ታስቦ ነበር። ቤተሰቡ የማስገቢያውን ዋጋ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በብድር በአምስት ዓመት እንዲከፍል፣ ሁለት ኃይል ቆጣቢ አምፖልም እንዲሰጠው ነበር ዕቅዱ። እኛ በሐሳቡ ረገድ ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው እንላለን፤ የድሃ ችግር የወሩ 13 ብር ሳይሆን የመጀመሪያው ቀን ገንዘብ መሆኑን ያወቀ ሰው ያወጣው ዕቅድ ነውና። ኃይል ቆጣቢው አምፖልም በእነዚያው ዓመታት በሚሊዮን ተቆጥሮ በአሮጌው ልዋጭ ታድሏል። ባለ 60ውን በባለ 11 ዋት የለወጠች ሴት ሦስት አምፖሏ በወር ከ27 ወደ 5 ኪሎዋት ሰዓት ወርዶላታል። ሆኖም በ2010 ዓ.ም. የወጣ የዓለም ባንክ ጥናት እንዳሳየው፣ በአገሪቱ ከዋናው መስመር መብራት የሚያገኘው ቤተሰብ ከ100 ውስጥ 33 ያህል ነበር፤ 24 ያህሉ በፀሐይ ኃይልና በመሳሰለው ይረዳ ነበር። የቀረው ቤተሰብ በታሪፉ መርከስም ሆነ መወደድ አልተነካም።

በሌላ አገርስ? ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 ለድሃ ቤተሰቦች በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት በነጻ እንዲሰጥ ወሰነች። ቁጥሩ ከእኛው ጋር አንድ መሆኑ አስገርሞናል። እዚያም የገጠማቸው ችግር ያው ነው፤ በሰው ጓሮ ዛኒጋባ ተከራይተው የሚኖሩት፣ መስመር ከባለ ቤቱ የሚስቡት፣ ነጻውን አላገኙትም። የእኛ እናት ጆሃንስበርግ ቢኖሩም ጥያቄያቸው አይለወጥም ነበር። አሜሪካ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። ከነዳጁ ውድነት ዘመን በኋላ እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣ ሕግ፣ ገቢው አነስተኛ የሆነ ቤተሰብ ለክረምት ማሞቂያው የገንዘብ ርዳታ ያመለክታል፤ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ በቀጥታ ለኃይል ሻጩ ይከፈልለታል። የሚታየው የቤተሰቡ ገቢና የሰዉ ብዛት ነው፤ ተከራይም ማመልከት ይችላል። እዚያ ያሉ ልጆቻችንና ዘመዶቻችን መጀመሪያ የሄዱ ሰሞን ከተጠቀሙባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። እርግጥ በየዓመቱ ማመልከት አለበት፣ ወረቀቱም ብዙ ነው። ቢሆንም እዚያ የሚቆጠረው ሰው ነው።

እኛ ዘንድ ገንዘብ ሳይሆን ሲሚንቶ የረዳን ጊዜ አለ። ምርጥ ምድጃ የተባለው በ1980ዎቹ በአገራችን የኃይል ጥናት ባለሙያዎች ተሠርቶ ወጣ፤ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚቀረጽ፣ በምጣዱ ዙሪያ እሳቱን የሚዘጋ። በጉልቻ ላይ ከሚነደው እንጨት ግማሽ ያህሉን ያስቀራል። ለከሰሉ ደግሞ ላቀች የተባለው መጣ። እነዚህ ርዳታዎች ቆጣሪም መሬትም አይጠይቁም፤ ተከራይም ስትለቅ ይዛው ትሄዳለች። ብዙ ቦታ የሚሠሩትና የሚሸጡት ራሳቸው ሴቶች ናቸው። ከእኛ ገሚሶቻችን «ምድጃው ይገዛ» ያልነው ለዚህ ነበር።

እናታችን ግን ምድጃውንም አልተቀበሉትም። «ጥሩ ነው፤ እንጨት ይቆጥባል፤ ግን እሳቱን ደበቀብኝ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ደጋ ላይ የተዘጋ እሳት እንጀራ ይጋግራል እንጂ እግር አያሞቅም፣ ብርሃንም አይሰጥም። ኅዳር ላይ ምርጥ ምድጃ ያላት ሴት ጋግራ ስትጨርስ ማታ ጉልቻውን መልሳ ታነዳለች፤ የቆጠበችው እንጨት ከፊሉ እዚያ ይሄዳል። ባለሙያዎቹ ግማሽ ሲሉ የለኩት ጋገራውን ነው፤ ሌሊቱን አልለኩትም።

የህዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ከመካከላችን ቦንድ የገዛን፣ ከደመወዛችን ያዋጣን በእልልታ አይተናል። ኃይል በአገር ደረጃ አለ። የቀረው ከግቢው በር እስከ ኋላው ክፍል ያለው ጥቂት ሜትር ሽቦ ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ እኛ ሦስታችን ሐሳባችንን አንድ አደረግን፤ ቀድሞ ከመካከላችን ሁለታችን የምድጃ ወገን ነበርን። የቁጠባው ገንዘብ በብድር ለቆጣሪ ማስገቢያ ይሁን፣ ተበዳሪዋም በወር በወር ትመልስ፣ የተመለሰው ለቀጣይዋ ይዙር እንላለን። ምድጃውን በዕቁባችን ቀስ ብለን ልናደርሰው እንችላለን። የሚቃወመን አባል በሚቀጥለው ስብሰባ ይናገር፤ እዚህ የጻፍነውን ስሌትም ደግማችሁ አስሉት፤ ከተሳሳትን አርሙን።

አንድ እንቅፋት ግን አስቀድመን ልንነግራችሁ ይገባል። በኪራይ ቤት ቆጣሪ ለማስገባት የባለቤቷ ፈቃድና የቤቱ ማስረጃ ያስፈልጋል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለታችን ከእናታችን ጋር ወደ አከራያቸው ሄድን። ጠላ ቀዳሉን፣ ደኅና ተቀበሉን። ነገሩን ስናነሣ ግን ዝም አሉ፤ ኋላ «በስሟ ቆጣሪ ከገባ ነገ ልጆቿ ቤቱ የእኛ ነው ይሉኝ ይሆናል» አሉ። እናታችን «እኔ የምፈልገው መብራቱን ነው፣ ቤቱን አይደለም» ብለው መለሱ። አከራይዋ በመጨረሻ ማኅበሩ ምስክር ሆኖ የሚፈርምበት ወረቀት ከመጣ እንደሚያስቡበት ነግረውናል። ወረቀቱን ጽፈን ጨርሰናል፤ የሚፈርሙ አምስት አባሎች እንፈልጋለን፣ ቢቻል የአከራይዋን ቤተሰብ የሚያውቁ።